በዘገምተኛ ኢንተርኔት የቢሮን የጋራ ዳታቤዝ መጠቀም፦ ጥያቄና መልስ

ባለሙያው፦ የዛሬው ጉዳይ በቢሮ ውስጥ በጋራ የሚሠራበትን የማይክሮሶፍት አክሰስ ዳታቤዝ ከቤት ወይም ከቅርንጫፍ ሆኖ መጠቀም ነው። የመስመራችሁን ፒንግ (አንድ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ)፣ የተጠቃሚዎቹን ብዛትና ፋይሉ የተቀመጠበትን ቦታ ብትገልጹልኝ መልሱ ያጥራል።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦ ዋናው መሥሪያ ቤታችን አዲስ አበባ ነው። በቪፒኤን (በኢንተርኔት በኩል ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ ዝግ መስመር) ገብተን የጋራውን ፎልደር እናገኛለን፤ ነገር ግን የደንበኞች ቅጽ እስኪከፈት አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ፒንጉ 80 ሚሊሰከንድ ነው። የኢንተርኔቱን ፍጥነት በእጥፍ ብናሳድግ ይፈታል?

መልስ፦ አይፈታም። ፋይሉ አዲስ አበባ ይቀመጥ እንጂ ፍለጋውን የሚያካሂደው ፕሮግራም ሐዋሳ፣ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው። አንድ ደንበኛ ለማግኘት ከፋይሉ 4 ኪሎባይት የሆነ ገጽ ይጠይቃል፤ ሲደርሰው አንብቦ ቀጣዩን ይጠይቃል። አስቤዛውን አንድ ጊዜ ገዝቶ ከመመለስ ይልቅ ለሽንኩርቱም ለጨውም እየተመላለሱ ገበያ እንደመውጣት ነው። ቅጹ ለመከፈት 600 ደርሶ መልስ ያስፈልገዋል ብንል፣ በ80 ሚሊሰከንድ 48 ሰከንድ ይሆናል፤ በቢሮው ገመድ ግን አንዱ ደርሶ መልስ ከ1 ሚሊሰከንድ ስለሚያንስ ያው ቅጽ ከአንድ ሰከንድ በታች ይከፈታል። ፍጥነቱን በእጥፍ ቢገዙም 80ው ያው 80 ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ቀርፋፋነቱ ግን ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ፣ መረጃ እየተጻፈ ሳለ መስመሩ ሲቆረጥ ገጹ በከፊል ተጽፎ መቅረቱ ነው፤ በማግስቱ ቢሮው በሙሉ ፋይሉ ሊታወቅ የማይችል ቅርጸት እንዳለው የሚገልጽ መልእክት ይጠብቀዋል። ስለዚህ፦ የአክሰስን የመረጃ ፋይል በቪፒኤን በኩል አትክፈቱ። ትክክለኛው መንገድ ቢሮ ያለውን ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ መቆጣጠር ነው። ያን ጊዜ 600ው ደርሶ መልስ እዚያው ቢሮ ውስጥ ያልቃል፤ በመስመሩ የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስል፣ የመዳፊቱ እንቅስቃሴና የሚተይቡት ፊደል ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ እኛ ጋ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ እያለሁ ቢጠፋብኝ የጀመርኩት ሥራ አይበላሽም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የእርስዎ መብራት ሲጠፋ የሚቋረጠው ምስሉ ብቻ ነው፤ አክሰስ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ እንደተከፈተ ይቆያል፤ ተመልሰው ሲገቡ ግማሽ የሞሉት ቅጽ ካቆሙበት ይጠብቅዎታል። የሚያሰጋው የቢሮው መብራት ነው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ይኑረው፤ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣም ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚሠራው መነሻ ፕሮግራም) ላይ ይስተካከል። አለበለዚያ ማታ ሰው ሲፈልጉ የሚያገኙት ቁልፍ የሌለውን ዘበኛ ብቻ ነው።

ጥያቄ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ፦ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ። ፋይሉን በማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ዋንድራይቭ ላይ ብናስቀምጠውና ሁላችንም ብንጠቀምበትስ?

መልስ፦ በፍጹም። ዋንድራይቭ የሚያመሳስለው ሙሉውን ፋይል ነው፤ በውስጡ ያሉትን መዝገቦች አንድ በአንድ አያዋሕድም። እርስዎና የአዲስ አበባዋ ባልደረባዎ በየራሳችሁ ቅጂ ላይ ከሠራችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ይኖራሉ፤ የአንዳችሁ የቀን ሥራ በሌላው ውስጥ አይገኝም። አክሰስ ሲከፈት ከጎኑ አንዲት ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል፤ ማን ምን እንደያዘ የሚታወቀው በእርሷ ነው። በየቤቱ በተቀመጠ ቅጂ ላይ ግን ያቺ ፋይል ምንም አትከላከልም። ለምትኬ ከሆነ ፋይሉ ተዘግቶ ቅጂው ይላክ፤ ለሥራ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ ሲስተሙ በጣም ይዘገያል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ሲስተም? ከየት ሆነው? ከላይ የጠየቅኋቸውን ሦስት ነገሮች ይዘው ይመለሱ።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የአክሰስ ዘመን አልፏል። ሁሉም በብራውዘር ወደሚሠራ ሲስተም ቢሸጋገር ጥያቄው ከነጭራሹ ይዘጋል።

ሌላ አባል፦ ማን ይሠራዋል፣ ማንስ ይከፍላል? ሦስት ሠራተኛ ያለው ቢሮ ለዓመታት ያደራጀውን ቅጽና ሪፖርት እንደገና ለማስጻፍ የሚጠየቀውን ዋጋ ያውቁታል?

የመጀመሪያው አባል፦ መረጃ ሲጠፋ የሚከፈለውም ዋጋ ነው።

ሁለተኛው አባል፦ በብራውዘር የሚሠራውስ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ባለሙያው፦ ሁለታችሁም ከጉዳዩ ወጥታችኋል። መካከለኛ መንገድ አለ፤ ቅጹና ሪፖርቱ በአክሰስ ይቀጥሉ፤ ሠንጠረዦቹ ግን ወደ ማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሰርቨር፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ይዛወሩ። በነፃ የሚገኝ ነው፤ የአንድ ዳታቤዝ ጣሪያው እስከ 2022ቱ እትም ድረስ 10 ጊጋባይት ነበር፣ በ2025ቱ እትም 50 ጊጋባይት ሆኗል፤ የአክሰስ ፋይል ግን ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። መጻፉን የሚፈጽመው ሰርቨሩ ራሱ ስለሆነ መስመር ቢቆረጥ ያልተጠናቀቀው ይሰረዛል እንጂ ፋይሉ አይበላሽም። ሆኖም ብዙዎች ሠንጠረዡን አዛውረው ቅጹን እንደነበረ ይተዉታል፤ ቅጹ አሁንም ሙሉውን ሠንጠረዥ መሠረት አድርጎ ስለሚከፈት ቀርፋፋነቱ አይለቅም። ቅጹ ባዶውን ተከፍቶ ተጠቃሚው ስም ወይም ቁጥር ካስገባ በኋላ የተፈለገውን መዝገብ ብቻ ያምጣ። ከባድ ሪፖርቶች ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ አስልቶ ውጤቱን ብቻ በሚልክ የዳታቤዝ ጥያቄ (ኩዌሪ) ይሠሩ። ይህን የማይሠራ ሰው ገንዘቡን አያባክን።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ በሪሞት ዴስክቶፕ መግባት ይችላሉ?

መልስ፦ በተራ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሆም የተባለው ዓይነትማ ጭራሽ አይቀበልም። ለአራት ሰው ወይ አራት ኮምፒውተር፣ ወይ ፈቃዱ የተገዛ ዊንዶውስ ሰርቨር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ተጠቃሚም ቅጹና ሪፖርቱ ያሉበትን ፋይል የራሱን ቅጂ ይያዝ፤ የጋራ የሚሆነው የመረጃው ፋይል ብቻ ነው።

ጥያቄ፣ ከጅማ፦ እኛ ቪፒኤን የለንም። የኮምፒውተር ባለሙያችን ራውተሩ ላይ ወደ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚያስገባውን በር (ፖርት) ከፍቶልናል።

መልስ፦ ዛሬውኑ ይዘጋ። 3389 የተባለውን በር ለዓለም ክፍት አድርጎ መተው ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎችን መጋበዝ ነው። ቪፒኤን ይግባላችሁ፤ ሪሞት ዴስክቶፑ በውስጡ ይሂድ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራምስ?

መልስ፦ መስኬ አይደለም። የመረጃውን ፎልደር በቪፒኤን አለመክፈቱ ግን ለእርሱም ይሠራል።

ጥያቄ፣ ከጎንደር፦ ቅጾቻችን ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ እንዴት ይደረጋል?

መልስ፦ የዛሬው ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦ ወደ ሪሞት ዴስክቶፕ ገብቻለሁ፤ ቅጹ ወዲያው ይከፈታል። ስክሪኑ ግን ይንቀራፈፋል፤ ደረሰኝ እዚህ ባለው ፕሪንተር ሳትም ደግሞ ብዙ ያስጠብቃል።

መልስ፦ ግንኙነቱን ከመክፈትዎ በፊት በአማራጮቹ ውስጥ ቀለሙን ወደ 16 ቢት ዝቅ ያድርጉ፤ የጀርባ ሥዕሉንም ያጥፉ። የፕሪንተሩን ማገናኛ ይዝጉና ደረሰኙን እዚያው ፒዲኤፍ አድርገው በኢሜይል ወደ ራስዎ ይላኩ።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ ፒንጉ 60 ነው፤ ስድስት ተጠቃሚ ነን፤ ፋይሉ ዋናው ቢሮ ነው፤ በቪፒኤን ነው የምንከፍተው።

መልስ፦ ለሐዋሳው ጠያቂ የሰጠሁትን የመጀመሪያ መልስ ያንብቡ። እስኪያነቡት ድረስ ፋይሉን ዝጉት፤ ምትኬውንም ዛሬ ማታ ያውጡ።