አዳር ለጀመራችሁ ነርሶች

ልጆቼ፣ አዳር ስትጀምሩ ሁሉም የሚመክራችሁ ስለ እንቅልፍ ነው። «ቀን ቀን ተኚ፣ ቡና ጠጪ፣ ትለምጂዋለሽ» ይሏችኋል። እኔ ደግሞ ስለ ምግብ ላውራ። ከእኔ ጋር ዓመታት ያደሩ ጓደኞቼ ዛሬ ሲደውሉልኝ ወሬያችን ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ሆኗል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዋርዱ ጸጥ ይላል። ረሃቡ የሚመጣው ያኔ ነው። ፔርሙሱ ይከፈታል፣ ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ብስኩት ይከተላል። ይህም አልበቃ ብሎ አንዷ አስታማሚ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ «ሲስተር፣ በሞቴ ቅመሺ» ትላለች። በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል?

ሆዳችሁ ቢቀበለውም ቆሽታችሁ ግን ለዚያ ሰዓት አልተዘጋጀም። ሲመሽ ሰውነታችን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሜላቶኒን እንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚጠራው፤ ቆሽት የሚያመነጨውን፣ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊንም ይቀንሳል። ስለዚህ ቀን 8 ሰዓት ላይ ብትበሉት ብዙም የማያስቸግራችሁ ዳቦ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የደም ስኳራችሁን የበለጠ ከፍ ያደርገዋል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ረሃብ የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን ይጨምራል፣ «ጠገብኩ» የሚያሰኘውን ይቀንሳል። ሌሊት ጣፋጭ የሚያምራችሁ ሆዳም ስለሆናችሁ አይደለም።

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ170,000 በላይ ሴት ነርሶችን ለረጅም ዓመታት ተከታትሎ ነበር። ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ የሠሩት ለዓይነት 2 የስኳር በሽታ ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ዓመቱ በረዘመ ቁጥርም አደጋው ይጨምራል። አንዱ ምክንያት የሰውነት ክብደት መጨመር ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትንሽ ሙከራ ነው። 19 ሰዎችን እንደ አዳር ሠራተኛ ሌሊት እንዲነቁ አደረጓቸው። ሌሊትም የበሉት ስኳራቸው በአማካይ 6.4 በመቶ ጨመረ። ቀን ብቻ የበሉት ግን ጭማሪ አልታየባቸውም። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሁዳዴ ነው። የምትጾም ነርስ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ እህል አትቀምስም፣ ጠዋት ገብታ ትተኛለች፣ ከሰዓት ተነስታ ትበላለች። ሳናውቀው ይሄ ሙከራ የሚለውን ስናደርግ ኖረናል ማለት ነው! (የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት።)

ስለዚህ እራታችሁን ሥራ ሳትገቡ በደንብ ብሉ። ሌሊት ውኃ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ ይበቃል። ካልቻላችሁ ጥቂት ቆሎ ያዙ፤ ለስላሳውን ግን ተዉት። አስታማሚዋንም «ለጠዋት አስቀምጪልኝ» በሏት፣ አትቀየማችሁም።

ደሞዝ አልበቃ ብሎ የሌላ ሰው አዳር እየደረባችሁ የምትሸፍኑትን አልፈርድባችሁም። ኑሮው ይታወቃል። ግን ፕሮግራም የሚያወጡ አለቆች «ወጣት ነሽ፣ ትችያለሽ» እያሉ አዳሩን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ሲከምሩ ዝም አትበሉ። በተራ ይሁን በሉ፣ ከአዳር በኋላ ያለው ዕረፍትም ይከበር።

ደግሞ የሁሉን ሰው ጣት ስትወጉ ታድራላችሁ፤ የራሳችሁንስ? በዓመት አንዴ ስኳራችሁን በባዶ ሆድ ተመርመሩ። ከ100 እስከ 125 ሚ.ግ/ዴ.ሊ. ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ላቦራቶሪ ይደገም። ታዲያ ከአዳር እንደወጣችሁ የምትመረመሩ ከሆነ ሰዓቱን ቁጠሩ። ባዶ ሆድ ማለት ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ ያለች ልጅ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገና ባዶ ሆዷን አይደለችም።