ርካሽ ጥይት ለየቱ መሣሪያ?

ወንድሜ፣ «ከአባቴ ክላሽ፣ ከአያቴ ውጅግራ ወርሻለሁ፤ በርካሽ ጥይት የሚገኘው ለየቱ ነው?» ብለሃል። አንተም እንደ እኔ የመንዝ ሰው ስለሆንክ በደንብ ልመልስልህ።

ዋጋውን የሚወስነው ጥይቱ በብዛት መመረቱ ነው። የክላሹ 7.62 በ39 ጥይት (7.62 የአፈሙዙ ስፋት፣ 39 ባሩድ የሚይዘው ቀለህ ርዝመት፣ በሚሊ ሜትር) በብዙ አገር በገፍ ስለሚሠራ ይረክሳል። ውጅግራ ግን እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። የእሱን 11 ሚሊ ሜትር ጥይት ዛሬ በገፍ የሚሠራ የለም። ገንዘብህን አታባክን፣ በቅርስነት አስቀምጠው።

ቁጥሩ ደግሞ እንዳይሸውድህ። የፒኬኤም መትረየስ ጥይትም 7.62 ይባላል። ቀለሁ ግን 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለክላሽ አይሆንም።

በድብቅ የሚሸጠውን ርካሽ ጥይት፣ አደራህን፣ ተወው። አንደኛ ሕግ አለ፦ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መያዝና መነገድ ይከለክላል። ስለዚህ መጀመሪያ የውርሱን ጉዳይ ከወረዳህ ፖሊስ ጋር ጨርስ። ሁለተኛ፣ የት እንደከረመ አታውቅም። ቀለሁ አረንጓዴ ዝገት ከያዘ፣ ከተሰነጠቀ ወይም አረሩ በጣት ከተነቃነቀ ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ብዙ የድሮ የሶቪየት ጥይት ደግሞ ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። በእኛ ጉምና ጤዛ ቶሎ ይዝጋል። በሙቅ ውሃ አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ ዘይት ቀባው።

ለሠርግም ለለቅሶም ወደ ሰማይ አትተኩስ፤ የወጣው አረር ሲመለስ ሰው ይገድላል።

የተበላሸ ጥይት ካገኘህ አትፍታው፣ እሳት ውስጥም አትጣለው። ለፖሊስ አስረክብ።