«ሚኒሞ ላይ ምንም አይለውም፣ ቢላዋ ሲገባ ይሞታል» ላልከው

ወንድሜ፣ የሣር ማጨጃ ትራክተርህ በአንዴ ይነሳል፣ ሚኒሞ ላይ (ያለ ጭነት በዝቅተኛ ዙር) ቆሞ ሲሠራ ምንም አይለውም፣ ቢላዋውን ስታስገባ ወይም ዳገት ሲይዝ ግን ድምፁ እየወረደ ሄዶ ይጠፋል። ካርቡሬተር ልግዛ ወይ ብለሃል። አትግዛ! ቢያንስ ዛሬ አትግዛ። ጉልበት አነሰው ሲባል መካኒኩ ሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ካርቡሬተር ነው፤ ተቀይሮም ችግሩ ካልተፈታ «ሞተሩ አርጅቷል» ይልሃል።

1. መጀመሪያ ቾኩን (ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን አየር የሚዘጋውን ክዳን) ጠይቀው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ነዳጅ ሙሉ ስጠው፣ ቢላዋውን አስገባ። መድከም ሲጀምር ቾኩን ቀስ እያልክ እስከ ግማሽ ዝጋው። ነፍስ ከዘራ ቤንዚን አንሶታል። ብሶበት ጥቁር ጭስ ከተፋ ያነሰው አየር ነው፤ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ እይ፣ ቾኩም እስከ መጨረሻው መከፈቱን አረጋግጥ። ምንም ለውጥ ከሌለ ወደ እሳቱና ወደ ገቨርነሩ (ጭነት ሲመጣ ነዳጅ ከፍቶ ዙሩን ወደሚጠብቀው) ዙር።

2. ሰዓት ያዝ። ቢላዋው እንደገባ ወዲያው ከደከመ ጂግለሩን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚለካውን ባለ ቀዳዳ ነሐስ)፣ ገቨርነሩን ወይም ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) ጠርጥር። አንድ ሁለት ደቂቃ ጎትቶ ከሞተ የካርቡሬተሩ ሳህን (ቤንዚን የሚጠራቀምበት) ከሚሞላው በላይ እየባከነ ነው፤ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ቱቦ ወይም ፓምፕ ጠርጥር። ሩብ ሰዓት ሠርቶ ከጠፋና ትንሽ አርፎ ከተነሳ የሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ክዳን ወይም ሲሞቅ የሚደክም ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ነው።

ክዳኑን ማንም አያምነውም። መተንፈሻ ቀዳዳው በአቧራ ሲደፈን ሰልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ሞተሩ ሊሞት ሲል ክዳኑን ላላ አድርገው፤ «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ካገገመ ጨርሰሃል። ለዚህ ነው ካርቡሬተር አትግዛ ያልኩህ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ውጭ አውጣው፣ የካንዴላውን ኮፍያ ንቀል። ከዚያ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅለህ ጠርሙስ ውስጥ አስገባ። ሰልባትዮው ከላይ ከሆነ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ፓምፕ ካለው ሞተሩ ሲዞር እየረገጠ በኃይል ይተፋል፤ ከተንጠባጠበ ከሞተሩ ወደ ፓምፑ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ስንጥቅ ፈልግባት። አሮጌ የቤንዚን ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይላጣል፤ የተላጠው ቁራጭ ብዙ ቤንዚን ሲሳብ እንደ በር ይዘጋል። ፈትሸህ አትደርስበትም፣ ቀይረው።

3. ጂግለር... እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው፣ ነገሩ ተያያዥ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው በሌላ ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ዋናው ጂግለር የሚሠራው ጭነት ሲመጣ ነው። ስለዚህ ቆሞ ጥሩ መሥራቱ ስለ ጂግለሩ ምንም አይነግርህም። ሳህኑን ፍታ፣ ጂግለሩን አውጥተህ ወደ ብርሃን ያዝ፤ ቀዳዳው ጥርት ያለ ክብ ሆኖ ካልታየህ ቆሽሿል። በካርቡሬተር ማጠቢያ ንፋው፣ ካልሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዝካት አንዲት የመዳብ ክር እለፍበት። መርፌ ወይም የብረት ሽቦ አታስገባ፤ ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። ሳህኑ ሥር የውሃ እንክብል ካየህ ሰልባትዮውን ጭምር አራግፍ። ከወር በላይ የቆየ ቤንዚንም ይደፋ።

ገቨርነሩን በዓይን መፈተሽ ይቻላል። ቢላዋው ሲገባ የነዳጅ መክፈቻዋን ዘንግ አስተውል፤ እጅህ ግን ከችንጋና ከቮላኖ (ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ዲስክ) ይራቅ። ሙሉ ከፍታም ሞተሩ ከደከመ ገቨርነሩ ነፃ ነው። ካልከፈተች የገቨርነሩ ሞላ (ስፕሪንግ) ወልቋል ወይም ክንዱ ከገቨርነሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ ተንሸራቷል። ሞተሩን አጥፋ፣ የክንዱን ዳዶ አላላ፣ መክፈቻውን ሙሉ ከፍተህ ያዝ፣ የገቨርነሩን ዘንግ ክንዱ ወደሚከፍትበት አቅጣጫ እስኪቆም አዙረህ እሰር። ሞላውን እያጠፉ ፍጥነት መጨመር የሰነፍ ሥራ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ሞተሮች ያለ ጭነት ከ3,600 ዙር በደቂቃ ማለፍ የለባቸውም፤ ካለፉ ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ) ሊሰብሩ ይችላሉ።

እሳቱን ባጭሩ፦ የካንዴላ ክፍተት በብዙዎቹ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአንተን ከማኑዋሉ አረጋግጥ። ሞተርህ ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ አንዱ ሞቶ በሌላው ሚኒሞ ላይ ደህና መስሎ ይሠራል፤ ለሁለቱም ለየብቻ እሳት ፈትሽ።

ቢላዋውስ በእጅ ይዞራል? የካንዴላው ኮፍያ እንደተነቀለ፣ ወፍራም ጓንት አድርገህ አዙረው። የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ወይም ሥሩ የተጋገረ ሣር ካለ ሞተሩን በከንቱ እየከሰስከው ነው።

የቾኩን ውጤትና በስንት ደቂቃ እንደሚሞት እዚሁ ጻፍልኝ።