«መለየት» በእንግሊዝኛ፦ በውጭ አገር ለምትኖሩ የጎጃም ልጆች

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በአማርኛችን «ለየ» የሚለው ግስ ብዙ ሥራ ይሸከማል። የማርቆስ ገበያ እህል ነጋዴ ማኛውን ጤፍ ከሠርገኛው ይለያል፣ ሐኪም በሽታን ይለያል፣ ዳኛ እውነቱን ከሐሰቱ ይለያል፣ ባልና ሚስትም ይለያያሉ። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም በአንድ መስመር ደርድሮ «ተመሳሳይ ናቸው» ቢልም፣ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ሰው ያላሰበውን ተናግሮ ይገኛል። በውጭ አገር በአስተርጓሚነት በሠራሁባቸው ዓመታትም ሆነ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ለጉዞ የሚዘጋጁ ወጣቶችን ሳስተምር የማልሰለቸው ምክር አንድ ነው፤ ቃሉን ለብቻው አትያዙት፣ ከሚከተለው መስተዋድድና ከሚነገርበት ቦታ ጋር ያዙት።

ጉዳት ከሚያስከትለው ልጀምር። ባለቤቱን ፍኖተ ሰላም ትቶ የሄደ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ስለ ትዳሩ ሲጠየቅ፣ «ተለያይተን ነው የምንኖረው» የሚለውን በልቡ ይዞ «ዊ አር ሴፓሬትድ» ይላል። ሊል የፈለገው እርሷ አገር ቤት፣ እኔ እዚህ ነን ነው። ጠያቂው የሚሰማው ግን ትዳራቸው ተናግቷል፣ ምናልባትም ወደ ፍቺ እያመሩ ነው የሚል ነው፤ ምክንያቱም በብዙ ቅጾች ላይ «ሴፓሬትድ» ከ«ማሪድ» እና ከ«ዳይቮርስድ» ተነጥሎ የራሱ ሣጥን አለው። ሚስቱን ለማስመጣት ያመለከተ ሰው ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን እንዲያስረዳ ስለሚጠበቅበት፣ በዚህች አንዲት ቃል የገዛ ፋይሉን ይቃረናል። እንዲህ ያለ ሰው ሣጥኑ ውስጥ «ማሪድ» የሚለውን ይምረጥ፣ ሲጠየቅም «ማይ ዋይፍ ሊቭስ ኢን ኢትዮጵያ» ብሎ ይመልስ። «ሴፓሬት»ን ለዕቃ አስቀምጡት፤ ቆሻሻን በየዓይነቱ ለመለየት፣ ነጩን ልብስ ከባለቀለሙ ለይቶ ለማጠብ፣ የእንቁላሉን አስኳል ከነጩ ለማውጣት ከእርሱ የተሻለ ቃል የለም።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ቃል «ዲስክሪሚኔት» ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛም ሆነ ዛሬ በሳይንስ ጽሑፍ ልዩነትን ማየት ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ምግብና መጠጥ የሚያውቅ ሰውም «ዲስክሪሚኔቲንግ ቴስት» አለው ተብሎ ይመሰገናል። የተራው ሰው ጆሮ ግን ዛሬ የሚሰማው አድልዎን ነው። አንዲት እኅታችን በአረጋውያን መጦሪያ ለመቀጠር የጻፈችውን ደብዳቤ እንዳይላት ስትሰጠኝ፣ አረጋውያኑን እንደየፍላጎታቸው «ዲስክሪሚኔት» ማድረግ እንደምትችል በኩራት አስፍራ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው እንከን የለውም፤ ያነበበው ቀጣሪ ግን በሰዎች ላይ የምታዳላ መሆኗን ራሷ መስክራለች ብሎ ወረቀቱን ባስቀመጠው ነበር። ልትል የፈለገችው የእያንዳንዱን ፍላጎት ለይታ እንደምታውቅ ስለነበር፣ ቃሉን አውጥተን «አይደንቲፋይ» በሚለው ተካነው። መስተዋድዱ እዚህ ላይ ብዙ ይናገራል፤ «ቢትዊን» ሲከተለው መለየት፣ «አጌንስት» ሲከተለው ግን ማዳላት ነው።

በእውነት አድልዎ የደረሰበት ሰው ደግሞ ይህንኑ ቃል ሊፈራው አይገባም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቦታ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ማዳላትን ከልክሏል፤ በብሪታኒያ ደግሞ የ2010 የእኩልነት ሕግ ዘጠኝ የተጠበቁ መገለጫዎችን ይዘረዝራል። ስለዚህ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው «አለቃዬ ከሌሎቹ ለይቶ አየኝ» ብሎ ቢያቆም ጉዳዩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ምን እንደተደረገበት፣ በማን ላይ እንዳልተደረገ፣ ከዚያም «ቢኮዝ ኦፍ» ብሎ ምክንያት ነው የሚለውን ይጻፍ። በአሜሪካ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ክስ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም የክፍለ ግዛት ወይም የአካባቢ መሥሪያ ቤት ባለበት ግን ወደ 300 ቀን ይራዘማል። የእኛ ሰው እስኪመረው ድረስ ችሎ ዝም ስለሚል፣ ቀኑ የሚያልፈው እዚሁ ላይ ነው።

«ዲፈረንሺዬት» ያስደነገጠውን አባት ደግሞ አስታውሳለሁ። የቢቸና ሰው ነው፤ በወላጆች ስብሰባ መምህርቷ ክፍሏ ውስጥ «ዲፈረንሺዬትድ ኢንስትራክሽን» እንደምትሰጥ ስትነግረው ፊቱ ጠቆረና «ልጄን ከሌሎቹ ለይታችሁ ነው የምታስተምሩት?» ብዬ እንድጠይቅለት ነገረኝ። እርሷ ያለችው አንዱን ትምህርት እንደየተማሪው አቅም ታቀርባለች፣ ፈጠን ያለውን ከበድ ያለ ንባብ ሰጥታ ዘገም ያለውን ትደግፋለች ማለት ነበር። ይህ በአሜሪካ ያለ ወላጅ ፈቃድ ከማይጀመረው ልዩ ትምህርት ጋር አንድ አይደለም፤ ፈቃድ ተጠይቃችሁ ወረቀት ሲቀርብላችሁ ግን ሳታነቡ አትፈርሙ። ቃሉ በሐኪም ቤትም አለ፤ ሐኪሙ «ዲፈረንሺያል» ሲል አንድ ምልክት የሚያሳዩ በሽታዎችን ዘርዝሮ የትኛው እንደሆነ እየለየ ነው እንጂ ግራ ተጋብቶ አይደለም።

ለቀረው ንግግር ሁለት ቃል ይበቃል። በመደበኛ ጽሑፍ «ዲስቲንግዊሽ» ከ«ቢትዊን» ወይም ከ«ፍሮም» ጋር ብትጽፉ አትሳሳቱም፤ በዕለት ንግግር ደግሞ «ቴል አፓርት» ይቀላል፣ መንትያ ልጆችን መለየት ያቃተው ጎረቤት የሚለው ይህንኑ ነው። «ዲሰርን» ረቂቅ ነገርን በጥንቃቄ ማስተዋል ስለሆነ፣ ንጉሥ ሰሎሞን በገባዖን መልካሙን ከክፉ የሚለይ ልቡና ሲለምን የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቢጠቀምበት ተገቢ ነው፤ ካልሲ ለመለየት ግን ይከብዳል። «ዲስቲንግዊሽድ» የተከበረ ሰው ነው፤ «ዲስቲንግዊሺንግ ማርክስ» የሚል ጥያቄ ያለበት ቅጽ ቢገጥማችሁ ግን የሚጠይቀው ስለ ጠባሳና ስለ ንቅሳት ነው፤ አንገቷን የተነቀሰች እናታችሁን ስታስመጡ ቦታውን ባዶ አትተዉት።

በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዲማ ግስ የገሰሰ ሰው ሰረቀና ሠረቀ በድምፅ አንድ ሆነው፣ አንዱ ሌባ ሌላው ፀሐይ እንደሚያወጣ ያውቃል። እንግሊዝኛም «ዲስክሪት» የሚባሉ ሁለት ሞክሼ ቃላት አሉት፤ ሁለቱም እንደ «ዲሰርን» መንፋትና መለየት ማለት ከነበረ የላቲን ግስ የመጡ ናቸው። ሁለቱ «ኢ» ጎን ለጎን የቆሙበት ምስጢር ጠባቂ፣ ጠንቃቃ ማለት ነው፤ «ቲ» መካከላቸው ገብታ የለያየቻቸው ደግሞ የተነጣጠለ ማለት ነው። በሥራ ማመልከቻ ላይ ጨዋነታችሁን ስትገልጹ የሚያስፈልጋችሁ ፊተኛው ነው።

ለአይኤልትስ የምትዘጋጁ፣ የቃላት ሀብት በጽሑፍም በንግግርም ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ስለሆነ ተመሳሳይ ቃላትን በዝርዝር ስትሸመድዱ አያለሁ። ከዐሥር ቃል ሦስቱን ከነመስተዋድዳቸው፣ እያንዳንዱን በሁለት የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ብትይዙ ይሻላል። «ዲፈረንት»ን አሜሪካውያን «ዛን»፣ እንግሊዞች ደግሞ «ቱ» ሲያስከትሉበት ትሰሙ ይሆናል፤ ፈተና ላይ «ፍሮም» ብላችሁ ብትጽፉ በሁለቱም ዘንድ የሚያርማችሁ የለም።