አጎትሽ ከፈሉ እንጂ ርዕሱን አልገዙም

የማስተርስ ጥናትሽን የጡት ካንሰር ዕጢ አካባቢውን በሚያዝባቸው ፕሮቲኖች ላይ ልትሠሪ አስበሻል። ወጪሽን የሚሸፍኑት አጎትሽ ግን «ካንሰሩን ትቶ ዙሪያውን ማጥናት ምን እንጀራ ይሆናል? ባንክ ተቀጠሪ» አሉሽ። እንግሊዝኛ መጻፍም ይከብድሻል።

እንግሊዝኛው በልምድ ይመጣል፤ በየቀኑ ጥቂት ጻፊ። የአጎትሽ ነገር ግን አናደደኝ።

ምክር ወደ መስጠት ከመምጣቴ በፊት 11 ዓመት ፓቶሎጂ (ከታማሚ የተወሰደ ቲሹ የሚመረመርበት) ላብራቶሪ ውስጥ ቲሹ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ቲሹው ከተቀበረበት ፓራፊን ሰም የተላጠችው 4 ማይክሮን (የሚሊሜትር 4 ሺኛ) ቁራጭ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ተዘርግታ፣ ስላይድ ላይ ወጥታ፣ ሐምራዊና ሮዝ ከተቀባች በኋላ ማይክሮስኮፕ ስር ሳያት የደም ስሩ፣ ነጭ የደም ሴሉ፣ ጠባሳ የሚመስለው ሮዝ ክር ሁሉ ታጭቆ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ካንሰሩ ራሱ ከሁሉም ያንሳል።

እነዚህ ጎረቤቶች ይታዘዛሉ። ዕጢው ኦክስጅን ሲያጥረው ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቅቃል፤ አጠገቡ ያለው የደም ስር ያን ተቀብሎ ቅርንጫፍ ያበቅልለታል። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ፋይብሮብላስት የሚባሉትን ክር ሠሪ ሴሎች ቀስቅሶ ኮላጅን፣ ማለትም ያን ሮዝ ክር፣ ያስደረድራል። የሚገርመው፣ ይኸው ፕሮቲን በጤነኛ ሴል ላይ ዕድገት የሚገታ ነው፤ ካንሰሩ ሲገፋ ዞሮ ያግዘዋል። የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን ዕጢ ያለ አዲስ የደም ስር አይፋፋም ብለው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጽፉ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም። በ2004 ቪኢጂኤፍን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ለጡት ካንሰርም ተፈቅዶ ነበር፤ ዕድሜ ማራዘሙ ስላልታየ ፈቃዱ በ2011 ተነሣ። ስለዚህ ርዕስሽ ገና ያላለቀ ነው።

አጎትሽን አመስግኚ፤ ርዕስ ግን አያስመርጡሽ። በገንዘቡ በኩል ግን እውነት አላቸው፤ አይጥ ወይም ሴል ማሳደግ የሚጠይቅ ጥናት አትጀምሪ። መብራት ሄዶ የወራት ሥራ በአንድ ሌሊት ሲበላሽ አይቻለሁ። የታማሚዎች ቲሹ የተቀመጠባቸውን የድሮ የፓራፊን ብሎኮች በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ወስደሽ፣ አንዱን ቁራጭ ለቪኢጂኤፍ፣ ሌላውን የደም ስር ለሚያሳየው ሲዲ31 ፕሮቲኑን ፈልጎ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ቀቢና ፕሮቲኑ ያለበትን ቡናማ ቦታ ቁጠሪ። የጡት ካንሰር ታማሚዎች የሆርሞን ተቀባይና ኸር2 የሚባለው ፕሮቲን የሚታየውም በዚሁ አቀባብ ስለሆነ፣ እጅሽ ከለመደው ላብራቶሪ ያስቀጥርሻል።

ርዕሱን ከማስመዝገብሽ በፊት ብሎኮቹ ያሉበት ክፍል ገብተሽ መለያ ቁጥራቸው ይነበብ እንደሆነ በዓይንሽ እይ። እኔ በሠራሁበት ቦታ የግማሹ ጠፍቶ ነበር።