ወደ እንስሳት ቤቱ ከመግባታችሁ በፊት

ፋርማሲ፣ ሕክምና፣ እንስሳት ሕክምናና ባዮሎጂ ለምትማሩ ልጆቼ፤

የምርምር ፕሮፖዛል ይዛችሁ ስትመጡ ብዙ ጊዜ የማየው ተመሳሳይ ነገር ነው። አንድ የባህል መድኃኒት ተክል ይመረጣል። ቅጠሉ ወይም ሥሩ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ነጭ አይጥ። "ለምን በአይጥ?" ስላችሁ "ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲህ ነው የሠሩት" ትሉኛላችሁ። ይሄ መልስ አያጠግበኝም።

አይጥ አትንኩ እያልኩ አይደለም። ጥያቄያችሁ በእርግጥ አይጥ የሚፈልግ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ ነው የምለው። ሁለት ምክንያት አለኝ። እንስሳው ይሰቃያል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ እንስሳው የሚሰጣችሁ መልስ ለሰው ላይሠራ ይችላል።

በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለንደን ውስጥ ስድስት ጤነኛ ወንዶች ቲጂኤን1412 የሚባል አዲስ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጣቸው። ዝንጀሮዎች ከዚያ 500 እጥፍ የሚሆን መጠን ወስደው ምንም አልሆኑም ነበር። ስድስቱ ሰዎች ግን በሰዓታት ውስጥ ተዝለፈለፉ። ኩላሊትና ሳንባቸው ከዳቸውና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ ደግነቱ ሁሉም ተርፈዋል። በኋላ ሲመረመር መድኃኒቱ የሚይዘው ሲዲ28 የተባለ ተቀባይ በአንዳንድ የሰው ነጭ የደም ሴሎች ላይ አለ፤ በዝንጀሮዎቹ ተመሳሳይ ሴሎች ላይ ግን የለም። የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። መድኃኒቱን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አጣብቀው የሰው ደም ሴሎች ሲጨምሩበት አደጋው ቁልጭ ብሎ ታየ። ዝንጀሮው ያልተናገረውን ጥቂት የሰው ደም ተናገረ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን በ1959 ሦስት ነገር ጠየቁ፦ በሌላ መተካት፣ ቁጥር መቀነስ፣ ስቃይ ማቅለል። መቀነሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ግማሹን እንስሳ የሚገድለውን መጠን የሚፈልገውን የድሮውን መመሪያ 401 ኦኢሲዲ (የኬሚካል ሙከራ መመሪያዎችን የሚያወጣው የአገሮች ድርጅት) በ2002 ሰርዞታል። አሁን የምትጠቀሙበት መመሪያ 425 አንድ እንስሳ ላይ ሞክሮ፣ ውጤቱን አይቶ ነው ወደ ቀጣዩ የሚሄደው። በኪሎ 2000 ሚሊግራም የሚደረገው ሙከራ ከአምስት እንስሳ በላይ አይፈልግም። ታዲያ ለምንድን ነው አንዳንዶቻችሁ አሁንም ሠላሳ አይጥ የምትጠይቁት?

ስለ መተካቱ አንድ ነገር ዘርዘር አድርጌ ላሳያችሁ። አንድ ሳሙና ወይም ቅባት ዓይን ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ ድሮ ጥንቸል ዓይን ውስጥ ይጨመርና እስከ 21 ቀን ይታይ ነበር። ዛሬ የከብት ዓይን ይሠራል፤ ያውም ለሥጋ የታረደ ከብት፣ ከቄራ። የሙከራ መመሪያ 437 ይባላል፤ ከ2009 ጀምሮ አለ። ዓይኑ ትኩስ እንደሆነ በጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ በበረዶ ይመጣል። ጭረት ያለበት ወይም የደፈረሰ ይጣላል። ኮርኒያው፣ ማለት ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ተቆርጦ በሁለት ክፍሎች መሃል ይታሰራል። ፈሳሽ ከሆነ ለ10 ደቂቃ ይደረግበትና ይታጠባል፤ ከዚያ ለሁለት ሰዓት በ32 ዲግሪ ይቀመጣል። ምን ያህል ደፍርሶ ብርሃን እንደሚከለክል ይለካል። ቀጥሎ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ከአንዱ ወገን ይጨመርና ወደ ሌላው ምን ያህል እንደሾለከ በስፔክትሮፎቶሜትር ይነበባል። ሁለቱ በመመሪያው ቀመር ተደምረው ውጤቱ ከ3 ካልበለጠ አደጋ የለውም፤ ከ55 ከበለጠ ዓይን ክፉኛ ይጎዳል። በመሃል ያለውን ይህ ዘዴ ብቻውን አይወስንም። የብርሃን መለኪያ መሣሪያው ያስፈልጋችኋል፤ በዓይን ግምት የሚሠራ ነገር አይደለም። ዓይኑን ግን ቄራው በየቀኑ ይጥለዋል።

ሌሎቹን በፍጥነት ላንሳ። የዘረመል ለውጥ (ሚውቴሽን) ያመጣል ወይ ለሚለው ባክቴሪያ ላይ የሚሠራው የኤምስ ምርመራ አለ። ለአይጥ የመጀመሪያውን መጠን ለመገመት የሴል መግደል ሙከራ ይበቃል።

ሁሉም ተተክቷል ብላችሁ ግን አትዋሹ። ጽንስ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት፣ ለወራት ሲወሰድ ጉበት ላይ ስለሚያመጣው ነገር ሳህን ላይ ያለ ሴል ብቻውን አይነግራችሁም። ሴል የምናሳድግበት ሴረም ራሱ ብዙ ጊዜ ከጥጃ ጽንስ ደም ነው የሚወጣው። ይህንንም ጻፉት።

ጉዳዩ ለኛ ትልቅ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አይተው፣ የደህንነቱ ማስረጃ በዓለም አቀፍ ደረጃ እስኪሟላ ብዙ ዓመት አልፏል። የናንተም ተክል እዚያ በር ላይ ይቆማል። ያኔ የሚጠየቀው የሟች አይጥ ብዛት ሳይሆን የማስረጃው ጥራት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ፕሮፖዛላችሁ ላይ ከአይጥ ቁጥር በፊት አንድ አንቀጽ ጨምሩልኝ። ጥያቄዬ ምንድን ነው? ያለ እንስሳ የትኛው ክፍሉ ይመለሳል? ለቀረው ስንት እንስሳ ይበቃል፣ ቁጥሩስ ከየት መጣ? ስቃዩ ሲበዛ ሙከራውን የት ላይ አቆማለሁ? አማካሪያችሁ "ይሄ አያስፈልግም" ካላችሁ ወደ እኔ አምጡት፤ አብረን እናየዋለን።