እሾሁ ከየት እንደበቀለ እዩ

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ በሳይንሳዊ ስሙ አካሲያ ብላ ያጠናችው ግራር ዛሬ ቫሼሊያ ተብሎ ብታገኘው፣ «ስሙ የሚለዋወጥ ከሆነ የዕፅዋትን ምደባ ማጥናት ምን ይጠቅማል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ በወጣትነቴ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበትን የናሙና ክፍል ይጠብቁ የነበሩትን አዛውንት አስታወሰኝ። ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ሆኖም የደረቁትን የግራር ቅርንጫፎች ለሁለት ይለዩአቸው ነበር። በአንድ በኩል አበባቸው ድቡልቡል ሆኖ ጥንድ እሾሃቸው ከቅጠሉ ግርጌ ግራና ቀኝ የሚወጣውን፣ በሌላ በኩል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ረዘም ባለ ዘለላ የሚያብቡትንና ቆልማማ እሾሃቸው ከቅርፊቱ የሚበቅለውን ያስቀምጣሉ። ቶርቲሊስ የተባለው ግራር ቀጥ ያለም ቆልማማም እሾህ ስላለው ተማሪዎቹን ሁሉ ያከራክር ነበር። እሳቸው ግን አጉሊ መነጽሩን አስጠግተው፣ ቆልማማውም ጥንድ ሆኖ ከዚያው ከቅጠሉ ግርጌ መነሣቱን ያሳዩንና ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይመልሱት ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ የዲኤንኤ ጥናቶች አካሲያ ሲባል የኖረው ስብስብ ከአንድ የዘር ግንድ ብቻ እንዳልወጣ አረጋገጡ። ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና ላይ፣ በ2011 ደግሞ ሜልበርን ላይ አካሲያ የሚለውን ስም ለአውስትራሊያዎቹ አጸና፤ የእኛዎቹ በአመዛኙ፣ አዛውንቱ በመጀመሪያው በኩል ያስቀመጧቸው ቫሼሊያ፣ በሁለተኛው በኩል ያስቀመጧቸው ደግሞ ሴኔጋሊያ ተባሉ፤ ቶርቲሊስም ከቫሼሊያ ወገን ሆነ። አዛውንቱ ይህን ሳይሰሙ አረፉ። በናሙናዎቹ ወረቀት ላይም ስማቸው አለመስፈሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሾህ ብቻውን በቂ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በክረምት ቅጠሉን የሚያረግፈው ገርቢ እሾሁ ከቅጠሉ ግርጌ ቢወጣም አበባው ረጅም ዘለላ ነው፤ ስለዚህም ፋይዴርቢያ በሚባል በራሱ ወገን ተመድቧል። እንዲህ ባለው ጊዜ ዲኤንኤ ትልቅ ዳኛ ነው፤ በወጣትነታችን ብናገኘው ኖሮ ምንኛ በጠቀመን! የዛሬ ወጣቶች ግን ስልካችሁ የነገራችሁን ስም ይዛችሁ ቅርንጫፉን ሳታገላብጡ ታልፋላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ለጠየቀችኝ ልጅ የምመልሰው ይህን ነው፦ አካሲያ የሚለው የወገኑ ስም የተለወጠው ዝምድናው በተሻለ ስለታወቀ ነው፤ ቶርቲሊስ የሚለው የዝርያው ስም ግን አብሮት ስለተሻገረ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመውን የኢትዮጵያ ፍሎራ፣ ማለትም የአገራችንን ዕፅዋት የሚዘረዝረውን መጽሐፍ፣ 3ኛ ቅጽ አካሲያ ይላል ብላችሁ አትጣሉት፤ ዛፉን በዝርያው ስም ታገኙታላችሁ። ለመስክ ስትወጡ አበባና ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ ከነእሾሁ ቁረጡ፤ ለዲኤንኤ የሚሆን ጥቂት ቅጠል እርጥበት በሚመጥጠው ሲሊካ ጄል አድርቁ፤ ዛፉን ያሳያችሁን ሰውም፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ በስሙ መዝግቡት።